ነጻዎቹ ሰዎች በአንዴ ጠገቡ

ሽፋ ሸምሶ ሰው ስትንቅ አትደብቅም። ቡታጅራ መናኸሪያ ጀርባ ያለው ክትፎ ቤቷ ገብቶ "ቶሎ በይ!" ያላትን ሰው፣ ባለሥልጣንም ይሁን የሚኒባስ ረዳት፣ ከእግሩ ጀምራ እስከ ራሱ ታየውና ወደ ሸክላ ጣባዋ ትመለሳለች። ይህን ንቀት ከየት አመጣችው እያሉ የሚጠይቁ አሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ ያን ያህል ዘመን ሲያሸክሟት የኖሩትን ንቀት ለባለቤቶቹ ሳትመልስ ምን ያህል እንደታገሠች።

አባቷ ሸምሶ እንጨት ጠራቢ ነው። ከወልቂጤ ወዲያ ባሉት መንደሮች ሰው ቤት ሲሠራ የመሐሉን ምሶሶ መርጦ ቆርጦ፣ ጠርቦ የሚያቆመው እሱ ነበር። እሱ ካላቆመው ቤቱ ቤት አይባልም። ምሶሶው ቆሞ ቤቱ ቤት ከተባለ በኋላ ግን ሸምሶ በዚያ በር አያልፍም። ፉጋ ነዋ፤ እንጨት በመጥረብና ሸክላ በመሥራት የሚኖር፣ የሚጸየፉት ዘር! ፉጋ እርሻ ከረገጠ ዘሩ አይበቅልም፣ በረት ከገባ ላሟ ትነጥፋለች ይባላል። ምሳውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው አጥር ሥር ያስቀምጡለታል። ቅጠሉ ስለሚጣል የሚታጠብ ዕቃ የለም። ሰው ሰውን ለማራቅ የሚያፈልቀውን ብልሃት ለመንገድ ሥራ ቢያውለው ኖሮ ያ አገር ይኼኔ አስፋልት በአስፋልት በሆነ ነበር።

ሽፋ አራተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪያቸው ስለ ቅኝ ግዛት አስተማሩ። አፍሪካ ሁሉ ተገዝታ እኛ ብቻ ሳንገዛ እንደቀረን ነገሯቸው፤ ልጁ ሁሉ አጨበጨበ። ሽፋ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ መገዛት ማለት ምን ማለት ነው?"

አስተማሪው ጥያቄው ደስ አላቸው። "መገዛት ማለት፣ በገዛ አገርሽ የት እንደምትገቢ፣ ከማን ጋር እንደምትበዪ፣ ማንን እንደምታገቢ ሌላ ሰው ሲወስንልሽ ነው" አሏት።

"እንግዲያው እኛ ቤት ተገዝተናል" አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አስተማሪው ግን አልሳቁም። "ተቀመጪ" አሏት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እጇን ስታወጣ አላዩዋትም።

ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ወልቂጤ ገባች። ወልቂጤ ላይ ሥራ ከመስጠቱ በፊት "የማን ልጅ ነሽ?" የማይል ሰው የለም። ሽፋም ጥያቄውን ጠብቃ ነበርና "አገሬ ቆሼ ነው" አለች። ቆሼ ከዚያ ሩቅ ነው፤ ወደ ቆላው። ቆሼ ሄዶ ዘሯን የሚያጣራ ስለማይኖር በዚያው ቀረ። ዘመድኩን የሚባል ባለ ሆቴል ዕቃ አጣቢ አድርጎ ቀጠራት። ከዕቃ አጣቢነት ጎመን ወደ መክተፍ፣ ከጎመን ወደ አይብ፣ ከአይብ ወደ ሥጋው አለፈች። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የጅማ መንገደኛ ሁሉ በእሷ ክትፎ የተነሳ ዘመድኩን ጋ መኪናውን ያቆም ጀመር። ዘመድኩን ክቡር እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ ይጠራትና ትከሻዋ ላይ እጁን ጥሎ "እቺ ሠራተኛዬ አይደለችም፤ እህቴ ናት!" ይላል። እንደ ስሙ ዘመድ መሆኑ ነው። እንግዶቹም እጇን ይባርካሉ።

አንድ ሐሙስ ቀን ዘመድኩን የሆቴሉን አዳራሽ ለአንድ ማኅበር አከራየ። ማኅበሩ "የነጻነት ትርጉም ለአፍሪካ ሕዝቦች" የሚል ጉባኤ አዘጋጅቷል። ከአዲስ አበባ ዶክተር አብዱልሃፊዝ የሚባል፣ ስለ ነጻነት ብዙ የጻፈ፣ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው መጣ። ከጋናም አንድ መምህር በእንግድነት ተጋበዘ። ናጃህ የሚባል ወጣት አስተማሪ ከጎኑ ተቀምጦ ያስተረጉምለታል። ምርቃት እንዲያደርሱም አባ ሰይዶ የሚባሉ የአገር ሽማግሌ ከገጠር ተጠሩ።

ሽፋ አዳራሹ ጥግ ላይ የምሳውን ጠረጴዛ እያዘጋጀች ትሰማለች። ዶክተሩ ዓይኑን ጨፈነ።

"ነጻ የሚለው ቃላችን ከግእዙ ነጽሐ የመጣ ነው። ንጹሕ ሆነ ማለት ነው። ለእኛ ነጻነት ከባዕድ እጅ መንጻት ነው። ሌሎቹ አፍሪካውያን ወንድሞቻችን ነጩን ከቢሮው አስወጡት እንጂ ከጭንቅላታቸው አላስወጡትም። ወንበሩን ወረሱ፣ ማኅተሙን ወረሱ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የገዛ ወገናቸውን የሚያዩበትን ዓይኑን ወረሱ። እኛ ግን የሰው እጅ ያልነካን፣ ያልቆሸሽን ሕዝብ ነን!"

ተጨበጨበ። ጋናዊውም ናጃህ ከተረጎመለት በኋላ፣ ምን ያህሉ እንደተተረጎመለት ባይታወቅም፣ አጨበጨበ።

ሽፋ ማንኪያዎቹን እየደረደረች አሰበች። ኋላ ስትነግረኝ እንዲህ ነበር ያለችው፦ "ንጹሕ ለመባል እኮ ቆሻሻ ያስፈልጋል። ቆሻሻውን ከውጭ ካላመጣህ ከቤትህ ትፈልጋለህ። ነጩ ስላልመጣላቸው ነው እኛን የያዙን።"

ምሳ ደረሰ። እንደተለመደው ሁለት ጠረጴዛ ነው፤ አንዱ የሙስሊም፣ አንዱ የክርስቲያን። ሽፋ ሥጋውን ከሁለት ልኳንዳ አስመጥታ፣ በሁለት ቢላ፣ በሁለት መክተፊያ ከትፋ፣ ቅቤውንና ሚጥሚጣውን በሁለት ጣባ ለይታ አዘጋጅታዋለች። በዚህ ነገር ማንም አይበልጣትም። ሰዎቹ ከበቡ። ስለ ነጻነት የሚናገር ሰው እንዴት እንደሚርበው ያየ ያውቀዋል፤ ቆጮው በሳህን ሳይሆን በእቅፍ ነበር የሚሄደው። "ኧረ ይቺ ልጅ እጇ ይባረክ!" የሚለው ድምፅ ከሁለቱም ጠረጴዛ ይሰማል።

ሽፋ አይብ ልትጨምር ብቅ ስትል አባ ሰይዶ አዩዋት። ጆሯቸው ስለደከመ ሲናገሩ ይጮኻሉ።

"አንቺ! የሸምሶ ልጅ አይደለሽም እንዴ?"

አይደለሁም ማለት ትችል ነበር። ቆሼ አፏ ላይ ነበረች። ግን የአባቷ ስም እንደዚያ ጮክ ብሎ፣ በሰው መሐል፣ በደስታ ሲጠራ ሰምታ አታውቅም ነበርና "ነኝ አባባ" አለች።

"ማሻአላህ! የእኔን ቤት ምሶሶ ያቆመው እሱ እኮ ነው! ስንት ዝናብ፣ ስንት ነፋስ አለፈበት፤ ንቅንቅ አላለም። ፉጋ እንደሱ ያለ አልተፈጠረም! እጁ እኮ—"

እዚህ ላይ ሽማግሌው እጅ የሚለውን ቃል ከአፋቸው እንዳወጡ ወደ ራሳቸው እጅ ተመለከቱ። ጣታቸው ላይ ቅቤ አለ። ከዚያም ቀስ ብለው፣ ክፉ ሰው አይደሉምና በትሕትና፣ "ልጄ፣ ውኃ አምጪልኝ፤ ልታጠብ" አሏት። ወዲያው ሐሳባቸውን ቀየሩና "ተዪው፣ አስተናጋጁ ያምጣልኝ" አሉ።

ከዚያ የሆነውን ሽፋ ዛሬም ስታወራው ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም። አንድም ሰው አልጮኸም፤ ክፉ ቃል የተናገረም የለም። ሰውን በዘሩ መስደብ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ደግሞስ የነጻነት ጉባኤ አይደል? አዳራሹ በሙሉ በአንዴ ጠገበ፣ በቃ። አንዱ ስልክ ተደወለለት። ስልኩ ግን ጠረጴዛው ላይ ጨልሞ ተቀምጧል። አንዱ ሐኪም ሥጋ እንደከለከለው ትዝ አለው። አንዲት ሴትዮ የቀረላትን ክትፎ በቆጮ ሸፈነችው፣ አፈር እንደሚያለብስ ሰው። በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ጠረጴዛ ሳህኖች ወደ መሐል ተገፉ።

"በሥጋ የተለያዩ ሰዎች በእኔ አንድ ሆኑ" ትላለች ሽፋ። "አገር አንድ ማድረግ እንዲህ ቀላል መሆኑን መንግሥት ቢያውቅ ስንት ስብሰባ ይቀር ነበር!"

ጋናዊው ብቻ ቀጠለ። ግራ ቀኙን አይቶ ናጃህን አንድ ነገር ጠየቀው። ናጃህ ቸገረው። እውነቱን ቢተረጉም የጠዋቱ ንግግር ሁሉ ሊፈርስ ነው። "በባህላችን እንግዳ ሲበላ ሌላው እጁን ሰብስቦ ያከብረዋል" አለው። እንግዳው በጣም ተነካ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለአዳራሹ ሰገደና ሁለተኛ ሳህን ሞላ። እስከ ዛሬ አገሩ ላይ ስለዚህ ድንቅ ባህል ሳያወራ አይቀርም።

ዘመድኩን ጓዳ ገባ። አልተቆጣም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። በሩን ዘግቶ እንደ ሐዘንተኛ ቆመ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትቀጥረኝ ነበር ጋሼ?"

"እኔ እንደዚህ ያለ ነገር አላምንም። እኔ አልጸየፍም። ሰው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ገበያው ነው። ለጊዜው ክትፎውን ተዪና አልጋ ክፍል አንሶላ—"

"እነዚህን ጣባዎች ከየት ነው የምታስገዛቸው?" አለችው ወደ መደርደሪያው እያሳየች።

"ከገበያ ነዋ።"

"ማን እንደሚሠራቸው ታውቃለህ። አክስቶቼ ናቸው። በእነሱ ስትበሉ ኖራችኋል።"

ዘመድኩን ትንሽ አሰበና መልስ አገኘ። "ጣባ ሌላ ነው። ጣባ በእሳት አልፏል።"

"እንግዲያው ችግሩ ጥሬ መብላታችሁ ነው። ከመጀመሪያው ለብለብ ይሁን ብትሉኝ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር" አለችና ሽርጧን ፈታች።

ዕቃዋን በፌስታል ይዛ በግቢው ስትወጣ ዶክተር አብዱልሃፊዝ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር። አያት፤ ፊቱም አዘነ። የሚዋሽ ሰው አይደለም፤ እውነትም አዝኗል።

"እህቴ፣ በጣም አሳፍሮኛል" አላት። "ይሄ የኋላ ቀርነት ቅሪት ነው። ሕዝባችን ገና ከራሱ ነጻ አልወጣም። የአንቺን ታሪክ በሚቀጥለው ጽሑፌ አነሳዋለሁ፤ ቃል እገባልሻለሁ።"

"እርስዎም በአንዴ ጠግበው ነበር አይደል?" አለችው።

"እኔ? ኧረ እኔ ሆዴን ትንሽ..."

ሽፋ ለመንገድ ብላ በቆጮ ጠቅልላ የያዘችው ክትፎ ነበራት። ፌስታሉን መሬት አኑራ፣ ጥቅሉን ፈታች፤ ደህና ጉርሻ ጠቅልላም ወደ አፉ ዘረጋች። "እንግዲያው ይጉረሱልኝ። ጽሑፉ ይቆየኝ።"

ዶክተሩ ጉርሻውን አየ። አዳራሹ በር ላይ የቆሙትን ሰዎች አየ። ዓይኑን ግን አልጨፈነም። አፉ ትንሽ ተከፈተ፤ ለመጉረስ ነው ብላ ጠበቀች።

"ጨጓራ አለብኝ" አለ።

ሽፋ ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው። ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ዓይኑን እያየች፣ ሳትቸኩል አኝካ ዋጠችው። ከዚያ ባጃጅ ጠርታ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ነጻነት ስንት ገጽ እንደሚጻፍበት አላውቅም። እሷ ግን ከእጅ እስከ አፍ ያለችውን ርቀት አየቻት፤ ዶክተሩ እዚያች ላይ ነው የቀረው።

ቡታጅራ ስትገባ አንድ ነገር ወስና ነበር፤ ቆሼን ዳግመኛ አትጠራም። መናኸሪያው ጀርባ ሳፊያ ከሚባሉ የዚያው አገር የመስቃን ባልቴት ላይ አንዲት ክፍል ተከራየች። ሳፊያ ከጎረቤት ሁሉ ጋር የተጣሉ፣ ለመጣላትም አዲስ ሰው የሚፈልጉ ሴት ናቸውና የማን ልጅ እንደሆነች ስትነግራቸው "እና? ኪራዩ ያው ነው" አሏት። ሽፋ ሰሌዳ ጻፊ ጠራች።

"ምን ልበለው?" አላት ሰሌዳ ጻፊው።

"ፉጋዋ ክትፎ ቤት በለው።"

ብሩሹ አየር ላይ ቀረ። "እህት፣ ይሄማ ስድብ ነው።"

"እኔን ሲሰድቡኝ ብሩሽ አልቸገራቸውም። አንተ ጻፍ።"

ጻፈ፤ የሚያየው ሰው እንዳይኖር ዞር ዞር እያለ ስለጻፈው "ጋ" ፊደል ተጣመመች።

መጀመሪያ የመጡት ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው። ከዚያ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች መጡ፤ እነሱ በሰው ቤት የተለየ ብርጭቆ የተሰጣቸው ስለሆኑ ብዙ አይጠይቁም። ሌላው ከተሜ ግን ሌላ ሰው እየላከ በፌስታል ያስወስዳል። በፌስታል ሲሆን ፉጋ የነካው አይባልም መሰል፤ እሳት ያደረገውን ፌስታልም ያደርገዋል።

አንድ ቀን አባቷ ሸምሶ መጣ። ሽፋ ወንበር አውጥታ፣ ጠረጴዛ ጠርጋ ጠበቀችው። ሸምሶ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ፤ ግድግዳውን አየ፤ ጣራውን አየ። ከዚያ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"ግባ እንጂ አባዬ!"

"እዚህ ነፋስ አለ።"

"ይሄ እኮ የእኔ ቤት ነው! ማን ይከለክልሃል?"

"ምሶሶ የለውም" አለ ሸምሶ። "እኔ ምሶሶውን ያላቆምኩት ቤት አልገባም።"

ኩራት ይሁን ልማድ ሽፋ መለየት አልቻለችም። እሱም የሚለየው አልመሰላትም። ደጅ ላይ አበላችው። እኔ እንደማውቀው ንቀቷ ያልሠራው በዚያን ቀን ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ በንቀት አልፋዋለች፤ አባቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲበላ ግን ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ሳይኖር አለቀሰች።

ብዙ ሳይቆይ ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ሰዎች ማኅደር ይዘው መጡ። ሰሌዳውን አዩት፤ እርስ በርሳቸውም ተያዩ።

"ይሄ ቃል የሕዝቦችን እኩልነት ይነካል። ይነሳ" አለ አንዱ።

"ቃሉ ነው ወይስ ነገሩ ነው እኩልነት የሚነካው?"

"ነገሩማ ቀርቷል። በሕግ ቀርቷል።"

"ከቀረ እንግዲያው ግቡና ብሉ።"

"ሥራ ላይ ነን" አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

ሽፋ ክርክሩን አልገፋችም። ሰሌዳ ጻፊውን መልሳ ጠርታ በነጭ ቀለም አስጠፋችው፤ በላዩም "ነጻ ክትፎ" አስጻፈች። በነገር ልትወጋ የፈለገችው እነዚያን ሁለት ሰዎች ነበር። የደረሰባት ግን ያላሰበችው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት በሯን ስትከፍት ደጁ ሰው በሰው ነው። ያለ ክፍያ መስሏቸዋል! በፌስታል የሚያስወስዱት አሉ፤ ሲያልፉ መንገድ የሚቀይሩት አሉ፤ በሰሌዳው ቀድሞ የተቆጡት አሉ። ከሁለቱ ባለማኅደሮች አንዱም ማኅደሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ጥግ ይዟል። ሽፋ ምንም ሳትል አቀረበች። በሉ። በእጃቸው በሉ፣ ጣታቸውን ላሱ፣ ጣባውን ጠረጉ። የማን ልጅ ነሽ ያለ የለም፣ ጨጓራ ያመመው የለም፣ ስልክ የተደወለለት የለም። ዘር፣ ንጽሕና፣ የአያት የቅድመ አያት ወግ ያሉት ነገር ሁሉ ዋጋው ይሄው ነበር፤ አንድ ጣባ ክትፎ፣ ያውም በነጻ።

ሲጨርሱ ሒሳብ ጠየቀቻቸው።

"ነጻ ብለሽ የለም እንዴ!" አለ ባለማኅደሩ።

"ነጻ የወጣው ክትፎው ነው" አለችው። "እናንተማ ገና ናችሁ።"

ተጯጯሁ፣ አጉረመረሙ፣ ከፈሉ። ግማሾቹ ዳግመኛ አልመጡም፤ ግማሾቹ ግን አንዴ የዋጡትን መጸየፍ ትርጉም እንደሌለው ገብቷቸው ደንበኛ ሆነው ቀሩ። ሽፋ ግን አላመሰገነቻቸውም። "በሆዳቸው ነው የተሸነፉት፤ በሆዱ የተሸነፈ ሰው ደግሞ ሌላ ቀን በሆዱ ወደ ነበረበት ይመለሳል" ትላለች። በነጻ ነው ወይ የሚል መንገደኛ ስላስቸገራት "ነጻ" የሚለውንም አስጠፋች። ዛሬ ሰሌዳው ላይ "ክትፎ" ብቻ ነው ያለው። በአፍ ግን ከተማው አሁንም "ፉጋዋ ጋ" ነው የሚለው። መጻፉ ተከልክሏል፤ መናገሩን የከለከለ የለም።

ባለፈው ሳምንት ምሳ ልበላ ስገባ ሳፊያ ከጓዳው በር ላይ ሆነው፣ ቤቱ ሞልቶ ሳለ፣ ይጮኻሉ።

"ኮረሪማው በዝቷል! ስንቴ ልንገርሽ? ቅቤውም የትናንት ነው!"

"የዛሬ ጠዋት ነው እማማ! ምላስዎ ነው ያረጀው!"

"እኔን? በገዛ ቤቴ? ነገ ትለቂያለሽ!"

"እለቃለሁ! ማን እንደሚያበላዎት አያለሁ!"

ሳፊያ ጣባውን ይዘው፣ ስለ ኮረሪማና ስለ ቅቤ ብቻ እየተሳደቡ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ኮረሪማው የበዛበትንም ክትፎ ጨርሰው ቆጮ እንዲጨመርላቸው አዘዙ። ሽፋ እየተነጫነጨች ቆጮውን ይዛ መጣች።